የጫማው ስም ስንት ያወጣል?

በዚህ ዓምድ መጽሐፍ፣ መዝሙርና ፊልም ሲመዘን ቆይቷል። ዛሬ የሚመዘነው ጫማ ነው። ውድ አንባቢ፣ «ጫማ ደግሞ ምን ተጽፎበት ነው የሚተቸው?» ትሉ ይሆናል። ብዙ ተጽፎበታል። ነፋስ መውጫ ላይ ከአውቶቡስ የወረደን ወጣት ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናየው እግሩን ነው። ከየት እንደ መጣ፣ ሥራ እንደ ቀናው ወይም እንዳልቀናው፣ ውጭ አገር ዘመድ እንዳለው ወይም እንደሌለው ከጫማው ላይ ያነበብን ይመስለናል። ሰው የሚያነበው ነገር ሁሉ ደግሞ እውነት መናገሩ ሊመረመር ይገባዋል።

ጥያቄያችን ሁለት ነው። ስም ያለው ስኒከር የተጠየቀበትን ዋጋ ያወጣል ወይ? የማያወጣ ከሆነስ ለምን እንገዛዋለን?

ከቃሉ እንጀምር። «ጫማ» በአማርኛ የእግራችን መርገጫም፣ እግራችንን የምናለብሰው ዕቃም፣ የርዝመት መለኪያም ስም ነው። አባቶቻችን የቤታቸውን መሠረት በጫማቸው ለክተው ያስምሩ ነበር። ኮንጎ፣ በረባሶ፣ ሸበጥ፣ ሸራ ስንልም የዕቃውን ዓይነት መናገራችን ነው፤ ማን እንደ ሠራው አንጠይቅም። ናይኪ፣ አዲዳስ፣ ጆርዳን ስንል ግን ከዕቃው ይልቅ የባለቤቱን ስም መጥራታችን ነው። «ምን ተጫማህ?» ሲባል የድርጅት ስም የሚመልስ ሰው፣ በእርሱና በእግሩ መካከል ሌላ ሰው አስገብቷል። ለዚያ ሰው የምንከፍለው ስንት እንደሆነ በቁጥር እንየው።

አሜሪካ ውስጥ በ100 ዶላር የሚሸጥ የታወቀ ስኒከር እንውሰድ። በንግዱ በተለመደው አሠራር ግማሹ ያህል ለሱቁ ይቀራል፤ ሱቁ ኪራዩን፣ የሠራተኛ ደመወዙንና በቅናሽ የሚያጣውን ከዚያ ይሸፍናል። ባለ ስሙ ድርጅት ለሱቁ የሚያስረክበው በ50 ዶላር ገደማ ነው። ጫማውን ለሠራው ፋብሪካ የሚከፍለው ደግሞ ወደ 25 ዶላር ይጠጋል። ናይኪ ጫማዎቹን የሚያሠራው በውል በሌሎች ፋብሪካዎች ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ የሚሠሩት ቬትናም ውስጥ ነው። እንግዲህ ጨርቁ፣ ሶሉ፣ ማጣበቂያው፣ የሰፊዋ ድካምና የፋብሪካው ትርፍ ተደማምረው የዋጋው ሩብ ያህል ናቸው።

ታዲያ የቀረው ሁሉ ዝርፊያ ነው? አይደለም። ናይኪ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 በተዘጋው የበጀት ዓመት 51.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሸጦ 5.7 ቢሊዮን ያህል አትርፏል፤ ከየ100 ዶላሩ 11 ዶላር መሆኑ ነው። ለማስታወቂያና ለስፖርተኞች ስፖንሰርነት ያወጣው ደግሞ ወደ 4.3 ቢሊዮን ዶላር፣ ከየ100 ዶላሩ ከ8 ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ «የአምስት ዶላር ጫማ በመቶ ይሸጡልናል» የሚለው የሻይ ቤት ወሬ ልክ አይደለም። ነገር ግን ሻጩ አልዘረፈም ማለት ገዢው የከፈለበትን አገኘ ማለት አይደለም። ሱቁ ያማረበት፣ ማስታወቂያው የተሠራበት፣ የኳስ ተጫዋቹ የተከፈለበት ገንዘብ እውነተኛ ወጪ ነው፤ እግራችን ላይ የሚደርስ ግን አይደለም።

ምልክቱ ራሱ እንኳ በርካሽ ነው የተገኘው። ያን ሁላችን የምናውቀውን የናይኪ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1971 የሣለችው ካሮሊን ዴቪድሰን የምትባል ተማሪ ስትሆን፣ በጊዜው የተከፈላት 35 ዶላር ነበር፤ ኋላ ድርጅቱ ሲያድግ አክሲዮን ተሰጥቷታል። ምልክቱን ያስወደደው ሥዕሉ አይደለም፤ ከሥዕሉ ጋር የታሰረው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ኤር ጆርዳን በ65 ዶላር ገበያ ላይ ሲወጣ የተሸጠው ቆዳና ጎማ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ሰማይ የሚዘል አንድ ወጣት ነበር። ገዢው መዝለሉን አያገኝም፤ የዘለለውን ሰው ስም ግን እግሩ ላይ ያገኛል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ያው ጫማ በሕጋዊ መንገድ ሲገባ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ በላይ በላዩ ይደረብበታል። 100 ብር የነበረው ዕቃ ነጋዴው ትርፉን ሳይጨምር 170 ብር ያልፋል። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ የ100 ዶላር ጫማ ቀረጡ ሳይነካው ከ10,000 ብር በላይ ነው። በ2018 ዓ.ም. በተሻሻለው የመንግሥት ደመወዝ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ 11,500 ብር መሆኑን ስታስቡ፣ አንድ ጥንድ ጫማ የአንድ መምህር የወር ኑሮ ነው ማለት ነው።

ለዚህ ነው በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስና በአርብ ገበያ የምናየው «ናይኪ» አብዛኛው ናይኪ ያልሆነው። ይህንን ሻጩም ያውቃል፤ ገዢውም ያውቃል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ይላል፤ ገዢው «ቀንስልኝ» ይላል፤ ሁለቱም ፈገግ ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ልብ የሚሰጡት። ከጎኑ የተቀመጠው፣ ሶሉም ስፌቱም እኩል የሆነ ምልክት የሌለው ጫማ ሲረክስ፣ ምልክት የተለጠፈበት ይወደዳል። ሐሰት መሆኑን እያወቅን ለምልክቱ እንጨምራለን። ባለ ስሙ ድርጅት አንድ ሳንቲም አይደርሰውም፤ እኛ ግን የስሙን ግብር እንከፍላለን። ኦሪጅናሉ ውድ ነው ስንል ቢያንስ ምርምሩና ጥራቱ አለበት። የሐሰቱ ግን ከስሙ በቀር ምንም አልተጨመረበትም። በእኔ ሚዛን በገበያችን ውስጥ ከልክ በላይ የተወደደው ጫማ ይኼኛው ነው።

ስም ዓይንን እንዴት እንደሚጋርድ ከሩቅ አገር አንድ ምስክር ልጥራ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፔይለስ የተባለው የአሜሪካ የርካሽ ጫማ መደብር ሎስ አንጀለስ አጠገብ «ፓሌሲ» የሚል የጣሊያን የሚመስል ስም ያለው ያማረ ሱቅ ከፈተ። የፋሽን ዐዋቂ የተባሉ ሰዎችን ጠርቶ ከ20 እስከ 40 ዶላር የሚሸጣቸውን የራሱን ጫማዎች በብዙ መቶ ዶላር አቀረበላቸው። ጥራቱን አድንቀው ገዙ። እውነቱ ሲነገራቸው ደነገጡ፤ ገንዘባቸውም ተመለሰላቸው። እንግዲህ በጫማ ዕውቀት የሚኖሩት ከተሳሳቱ፣ የወገዳ ተማሪ በስም ቢታለል ምን ይፈረድበታል?

እስካሁን የነገርኳችሁ የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነው። ሁለተኛው ይከብዳል። እነዚህን ቁጥሮች ያወቀ ሰውም ነገ ሄዶ ይገዛልና።

አንደኛው ምክንያት ጫማው አንዳንዴ እውነተኛ ሥራ ስለሚሠራ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በባዶ እግሩ የሮጠው ያገኘው ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ፑማ ተጫምቶ ከሦስት ደቂቃ በላይ ፈጥኖ ገባ። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ትዕግስት አሰፋ በበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በመግባት የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። የተጫማችው አዲዳስ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ በ500 ዶላር የሚሸጥና ለአንድ ማራቶን ታስቦ የተሠራ ነበር። መጀመሪያ ለሽያጭ የቀረበው 521 ጥንድ ብቻ ነው።

500 ዶላር ለአንድ ቀን ሩጫ ውድ ነው? ሰከንድ እንጀራዋ ለሆነ ሯጭ ውድ አይደለም። የአናጢ መጋዝ፣ የገበሬ ማረሻ ማለት ነው። መሣሪያ የሚመዘነው በሚያስገኘው ነው። ችግሩ የሚመጣው የሯጯ ላብ ወደ ማስታወቂያ ሲቀየርና ሩጫ ለማያውቅ ሰው ሲሸጥ ነው። ማስታወቂያው ጫማው እንዳሮጣት አድርጎ ይነግረናል፤ ከአበበ ታሪክ ግን ሯጩ ጫማ ሳይኖርም ሯጭ እንደሆነ እናውቃለን። ሁለቱም እውነት ነው፦ ጫማ ይረዳል፤ ጫማ ሰውን አይፈጥርም።

ሁለተኛው ምክንያት ወደ ቤታችን ይቀርባል። ባዶ እግር ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም፤ ብዙዎቻችን በአያቶቻችን ተረከዝ ላይ ያየነው ንቃቃት ነው። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች፣ በክልላችንም ጭምር፣ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት አለ፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይህንን በሽታ ተሸክመው ይኖራሉ። ብዙዎቹ ከሰርግ፣ ከገበያና ከአምልኮ ስፍራ ርቀው የኖሩት በሕመሙ ብቻ ሳይሆን በሰው ዓይን ነው። መከላከያው ደግሞ ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ያደገ ሰው ጫማን ቢያከብር ከንቱነት አይባልም። ጫማ ጤና ነው፤ ጫማ «እኔም ሰው ነኝ» ማለት ነው። የስኒከር ነጋዴው ባያውቀውም የሚሸጠው በዚህ ቁስል ላይ ነው። ከድህነት አንድ ትውልድ ብቻ የራቀ ሰው፣ ድህነት እንዳይታይበት ከሀብታም ይልቅ ይከፍላል።

ስለዚህ «ወጣቱ ተበላሽቷል፤ ለጫማ ሞተ» እያሉ መቆጣት ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ብሎ ያሳደገውን ልጅ፣ ዞሮ «መታየት ከንቱ ነው» ቢለው እንዴት ይስማው?

ሦስተኛው ምክንያት አንዱ ሲያደርግ ሌላው ላለመቅረት መሮጡ ነው። ከጋይንትና ከስማዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርደው ወጣት የሚሄደው ለቤተሰቡ እህልና ለማዳበሪያ ዕዳ ነው። ሲመለስ ግን መንደሩ ቀድሞ የሚያየው ያመጣውን ብር አይደለም፤ የለበሰውንና የተጫማውን ነው። አንዱ ባለ ምልክት ስኒከር አድርጎ ከተመለሰ፣ ሌላው ያለዚያ ቢመለስ «ምን ሠርቶ መጣ?» ይባላል። እንበልና ቀን 500 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ 4,000 ብር ለጫማ ቢያወጣ፣ ስምንት ቀን በቆላ ፀሐይ የጎነበሰው ለአንድ ጥንድ ጫማ ነው። ከስምንቱ ሁለቱን ቀን ብቻ ለሶሉና ለስፌቱ ሠርቶ፣ ስድስቱን ቀን ለስሙ ሠርቶ ከሆነ፣ ይህ ጥያቄ የፋሽን ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የሰው ጉልበት ጥያቄ ይሆናል። ነቢዩ አሞጽ ድኻው በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ሲለወጥ ተቆጥቶ ነበር። እኛ ዘንድ ለውጡ የሚደረገው ማንም ሳያስገድደው፣ በገዛ ፈቃዱ መሆኑ ልዩነቱ ነው።

ከጉባኤያችንም አልራቀም። በአገራችን ከጥንት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማ ይወልቃል፤ ውስጥ የገባ ሁሉ በእግሩ እኩል ነው። ድጓ ሊያስመሰክሩ ከየአገሩ ወደ ጋይንት ቤተልሔም የተጓዙት ተማሪዎች የተመዘኑት በዜማቸው እንጂ በተጫሙት አልነበረም። በእኛ አዳራሽ ጫማ አይወልቅም፤ ይህ ስሕተት አይደለም። ግን ጫማ እንዲታይ የተፈቀደበት ስፍራ ጫማ እንዲታይ የሚፈለግበት ስፍራ እንዳይሆን መጠበቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢንስታግራም «ሰባኪዎችና ስኒከሮች» የሚል ትርጉም ያለው ገጽ ተከፍቶ፣ በአሜሪካ የታወቁ ሰባኪዎችን ፎቶግራፍ ከጫማቸው ዋጋ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ያወጣ ነበር። አንዳንዱ ጫማ ሺህ ዶላር ያልፋል። በዚያው ዓመት ምስቺፍ የተባለ የኒው ዮርክ ቡድን ከናይኪ ጫማ ሶል ውስጥ የዮርዳኖስ ወንዝ ውሃ ጨምሮ፣ «የኢየሱስ ጫማ» ብሎ በ1,425 ዶላር አወጣው። ያደረገው ለፌዝ ነበር፤ ጫማው ግን ወዲያው ተሸጦ አለቀ። ፌዙን የገዛው ሰው ፌዝ መሆኑን ረስቶት ነው ወይስ ስሙ ይበቃው ኖሯል? መልሱን ለእናንተ እተዋለሁ። ለእኔ የሚያስጨንቀኝ ከዚህ ያነሰ ነገር ነው፦ ጫማው ስላላማረ ከመዘምራን የፊት ረድፍ ወደ ኋላ የሚሸሽ ልጅ። ለእርሱ ጫማ ስንገዛለት ችግሩ ያበቃ ይመስለናል። የፊት ረድፍ በጫማ እንደሚመረጥ ማን እንዳስተማረው ካልጠየቅን ግን አያበቃም።

አንዳንዱ ሰው «ታዲያ ስም ሁሉ ይጥፋ?» ይላል። አይጥፋ። ስም ሊገባው ይችላል። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶል ሬብልስን ስትመሠርት የተነሣችው ከበረባሶ ነው፤ ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን፣ ገበሬው የሚያደርገውንና ከተሜው የሚንቀውን ጫማ ስም ሰጥታ ወደ ውጭ አገር ሸጠችው። ያው ጎማ በወገዳ ገበያ ሲናቅ፣ ስም ይዞ ባሕር ተሻግሮ በዶላር ተገዛ። ይህ ሁለት ነገር ያስተምረናል። ስም ዋጋ እንደሚጨምር፤ ደግሞም ስሙ የእኛ ከሆነ ጭማሪው ወደ ሰፊዎቹ ቤት ሊገባ እንደሚችል። እኛ ግን በበዓል ማግስት የበጉን ቆዳ ገዢ አጥተን እንጥላለን፤ በሳምንቱ የፕላስቲክ ስኒከር ከሩቅ አገር አስመጥተን እንገዛለን። ከደጋ በግ ቆዳ የሚሠራ ጫማ ስም ያጣው ቆዳው ስለከፋ አይደለም።

ርካሽ ሁሉ ጥሩ ነው ማለትም አይደለም። አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስቴፎን ማርበሪ እ.ኤ.አ. በ2006 በስሙ የወጣውን ስኒከር በ14.98 ዶላር አሸጠ፤ ድኻ ልጆች እንዳያፍሩ ብሎ። ራሱም በውድድር ተጫማው። ብዙ ተሸጠ፤ የሚሸጠው የመደብር ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ከሰረ። ዋጋን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ዝቅ ያለ ዋጋ እንዳያሳፍር ማድረግ ግን የነጋዴ ሥራ ብቻ አይደለም። ያ የእኔና የእናንተ ዓይን ሥራ ነው። በሌላ በኩል ክረምቱ ሳይወጣ ሶሉ የሚላቀቅ ጫማ በ600 ብር ቢገዛም ውድ ነው። ኮንጎ ጫማ በጋይንት ጭቃ ውስጥ የሚከበረው በዚህ ነው፤ ይታጠባል፤ ይደርቃል፤ ዓመት ይቆያል። ነጭ ስኒከር ደግሞ ከመንገድ ዳር አስፋልት ወርዶ ሁለት መቶ እርምጃ ሲሄድ ነጭነቱ ያልቃል።

እንግዲህ ፍርዴን ላስቀምጥ። ኦሪጅናሉ ስኒከር ለሚሮጥበት፣ ለሚሠራበትና አቅሙ ለሚፈቅድለት ሰው ዋጋውን ሊያወጣ ይችላል። ለመታየት ብቻ ለሚገዛው ሰው የዋጋው ብዙው ክፍል ለሌላ ሰው ታሪክ የተከፈለ ነው። የውሸት ምልክት የተለጠፈበት ጫማ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ንግድ ነው፤ ጥራትም ታሪክም ሳይሰጥ እፍረታችንን ብቻ ያስከፍለናል።

ገበያ ስትወጡ ጫማውን ገልብጡት። ሶሉን እጠፉት፤ ስፌቱን ሳቡት፤ ማጣበቂያው የተላቀቀበት ካለ እዩ። ከዚያ ሻጩን «ይኸው ጫማ ምልክት ባይኖረው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚነግራችሁን ከመጀመሪያው ዋጋ ቀንሱ። የቀረው ቁጥር የስሙ ዋጋ ነው። ያን ቁጥር በቀን ሥራ ቆጥራችሁ፣ ስንት ቀን ጎንበስ እንዳላችሁበት አስቡና ያን ጊዜ ግዙ ወይም ተዉት። ሰው ሲመጣም ከጫማው በፊት ፊቱን እዩት፤ ነጋዴው የሚያተርፈው መጀመሪያ እግር ባየን ቁጥር ነውና።